ከኮር ቁጥር በፊት፦ ራይዘን ወይስ ትሬድሪፐር?

ለከባድ ሥራ የሚሆን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የሚያስገጣጥም ባለሙያ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው የፕሮሰሰሩን የኮር ቁጥር ነው። ኮር የሚባለው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ ትእዛዝ እየተቀበለ የሚያሰላው ክፍል ሲሆን፣ ቁጥሩ ለማወዳደር ስለሚቀልና ከዋጋው ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ ባለ 64 ኮሩ ከባለ 16 ኮሩ አራት እጥፍ ይፈጥናል የሚል ግምት ያሳድራል። ግምቱ እውነት ሆኖ የሚገኝባቸው ሥራዎች አሉ፤ በሌሎች ብዙ ሥራዎች ላይ ግን ገዢው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከከፈለ በኋላ አዲሱ ማሽን ከአሮጌው እኩል፣ አንዳንዴም ከእርሱ ቀስ ብሎ ሲሄድ ያገኘዋል። በመደበኛ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰርና በዎርክስቴሽን ፕሮሰሰር መካከል ለሚመርጥ ሰው ከኮር ቁጥር በፊት መልስ የሚሻ ጥያቄ አለ፤ ሥራው ሲዘገይ የሚጠብቀው ምንን ነው?

ንጽጽሩ ግልጽ እንዲሆን ከአንድ አምራች ቤት የወጡ ሁለት ቤተሰቦችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኤኤምዲ በ2022 ያወጣው ራይዘን 9 7950ኤክስ 16 ኮር ያለው መደበኛ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ሲሆን የመነሻ ዋጋው 699 ዶላር ነበር፤ በ2023 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው የዎርክስቴሽኑ የትሬድሪፐር 7000 ቤተሰብ ደግሞ ባለ 24፣ ባለ 32 እና ባለ 64 ኮር ሆኖ በ1,499፣ በ2,499 እና በ4,999 ዶላር ወጣ። ሁለቱም ቤተሰቦች የተሠሩት ዜን 4 በተባለው በአንድ ዓይነት የኮር ንድፍ ነው። ቺፕሌት የሚባሉትና እያንዳንዳቸው ቢበዛ ስምንት ኮር የሚይዙት ትናንሽ የሲሊከን ቁራጮች በ7950ኤክስ ላይ ሁለት፣ በባለ 64 ኮሩ 7980ኤክስ ላይ ስምንት ሆነው ይደረደራሉ እንጂ፣ ኮሩ ራሱ በውዱም በርካሹም ያው ነው። እንዲያውም ኮር ለኮር ሲተያዩ ርካሹ ይቀድማል፦ አንድ ኮር በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚመታ በሚለካበት በጊጋኸርዝ፣ 7950ኤክስ እስከ 5.7 ሲደርስ 7980ኤክስ የሚደርሰው እስከ 5.1 ድረስ ነው።

መደበኛው ዴስክቶፕና ዎርክስቴሽኑ በኮር ቁጥር መቀራረባቸው የመጣው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነው። በ2017 የመጀመሪያው ትሬድሪፐር 1950ኤክስ 16 ኮር ይዞ በ999 ዶላር ሲወጣ ያን ያህል ኮር በመደበኛ ዴስክቶፕ ላይ አይገኝም ነበር፤ በ2019 ግን ራይዘን 9 3950ኤክስ ያንኑ 16 ኮር በ749 ዶላር ወደ መደበኛው ማዘርቦርድ አመጣው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኮር ማግኘት ብቻውን ወደ ዎርክስቴሽን ለመሻገር በቂ ምክንያት መሆኑ አበቃ፤ የገዢዎች ማመዛዘኛ ግን ዛሬም ያው የኮር ቁጥር ሆኖ ቀርቷል።

በ1967 የአይቢኤም ሲስተም 360 ዋና ንድፍ አውጪ የነበረው ጂን አምዳል ያቀረበው ሐሳብ፣ በኋላ የአምዳል ሕግ ተብሎ የታወቀው፣ የኮር ብዛት የት ላይ ጥቅሙ እንደሚቆም በቀላል ሒሳብ ያሳያል። ከአንድ ሥራ 90 በመቶው ለብዙ ኮሮች ተከፋፍሎ የሚሠራ፣ 10 በመቶው ግን አንዱ ሳያልቅ ሌላው የማይጀመርበት ከሆነ፣ 16 ኮር ሥራውን 6.4 ጊዜ ያፋጥነዋል፤ 64 ኮር 8.8 ጊዜ ያህል ብቻ ያፋጥነዋል፤ የኮሩ ቁጥር ወሰን ባይኖረው እንኳ ፍጥነቱ ከ10 እጥፍ አያልፍም። የሚከፋፈለው 99 በመቶ ሲሆን ነው 16 ኮር ወደ 14፣ 64 ኮር ወደ 39 ጊዜ ማፋጠን የሚችሉት። ሃምሳ ሰው ለደቦ ቢወጣ አጨዳው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ምርቱን በመንሽ እያነሡ ለነፋስ መስጠት ግን ነፋሱ እስኪነሣ ይጠብቃል፣ ለዚያም ሌላ ሃምሳ ሰው ቢጨመር ነፋሱን አያመጣውም።

ነገሩን በቅርብ ለማየት የአርክቴክት ቢሮን ማሰብ ይበቃል። አውቶካድ አብዛኛውን ሥራውን በአንድ ኮር የሚያከናውን ፕሮግራም ነው። ከባድ የሕንፃ ፕላን ተከፍቶ ስክሪኑ ሲቆም፣ በ7980ኤክስ ማሽን ላይ ታስክ ማናጀርን የከፈተ ሰው የሚያየው የፕሮሰሰር አጠቃቀም ከአንድ በመቶ ብዙ የማይርቅ ነው፤ ይህ ፕሮሰሰር 64 ኮሮቹን እያንዳንዳቸውን ለሁለት ከፍሎ 128 የሥራ መስመር ስለሚያሳይ፣ አንዱ ብቻ እስከ ጫፍ ሲሠራ ከጠቅላላው 128ኛ እጅ ይሆናል። ማሽኑ ሥራ የፈታ ይመስላል፣ ባለሙያው ግን እየጠበቀ ነው። ለእንዲህ ያለው ቢሮ የሚሻለው 5.7 ጊጋኸርዝ የሚመታው ርካሹ ፕሮሰሰር ነው፤ የተረፈው ገንዘብ ለጥሩ ስክሪንና ለፈጣን ኤስኤስዲ ቢውል ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ልዩነቱን ያየዋል።

የኮር ቁጥር ተደጋግሞ ሲነሣ ሳለ ከሁሉ የሚዘነጋው ግን የራም ቻናል ጉዳይ ነው። ቻናል ማለት ፕሮሰሰሩ ከራም መረጃ የሚያመላልስበት መንገድ ሲሆን፣ መደበኛው ራይዘን ሁለት፣ ትሬድሪፐር አራት፣ ትሬድሪፐር ፕሮ የሚባለው ደግሞ ስምንት ቻናል አላቸው። ፍጥነቱ 5200 የሆነ ዲዲአር5 ራም በአንድ ቻናል በሰከንድ እስከ 41.6 ጊጋባይት ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ በወረቀት ላይ ያለው ከፍተኛ መጠን ለራይዘኑ 83.2፣ ለትሬድሪፐሩ 166.4፣ ለፕሮው 332.8 ጊጋባይት ይሆናል። ይህ ቁጥር በኮሮቹ ሲካፈል የንድፉ ምስጢር ይገለጣል፤ ባለ 16 ኮሩ ራይዘን ለእያንዳንዱ ኮር 5.2 ጊጋባይት ይደርሰዋል፣ ባለ 32 ኮሩ ትሬድሪፐርም ልክ 5.2፣ ባለ 64 ኮሩ ፕሮም ልክ 5.2። በሦስቱም ሳይጨምር ሳይቀንስ አንድ የሆነው መንገዱ ከኮሩ ጋር አብሮ ስለሰፋ ነው። በአራት ቻናል የተወሰነው ባለ 64 ኮሩ 7980ኤክስ ግን ለአንድ ኮር የሚደርሰው 2.6 ብቻ ነው፤ ሆዱ እጅግ ሰፊ፣ አፉ ግን የትንሹን ያህል ብቻ የሆነ እንስራ ማለት ነው።

ይህ ጉድለት የሚጎዳው ሁሉንም ሥራ አይደለም፣ ምርጫውን አስቸጋሪም አስደሳችም የሚያደርገውም ይኸው ነው። ብሌንደር በተባለው ፕሮግራም የአንድን ትዕይንት ብርሃን እያሰሉ ምስል ማውጣት፣ በተለምዶ ሬንደር ማድረግ የሚባለው፣ ካሽ በሚባለውና ከኮሮቹ አጠገብ ባለው ትንሽ ማኅደረ ትውስታ ላይ ብዙ የሚቆይ ሥራ ስለሆነ ለኮሮች በሙሉ ይዳረሳል፣ ስለዚህም 7980ኤክስ እዚያ የተከፈለበትን ይመልሳል። ደብልዩአርኤፍ በተባለው ፕሮግራም የአየር ትንበያ መሥራት ወይም የውኃና የነፋስ ፍሰትን በስሌት መከተል ግን በየቅጽበቱ ግዙፍ ሰንጠረዦችን ከራም እያወጡ መልሶ ማስገባት ነው፤ እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ከተወሰነ በኋላ የሚጨመሩት ኮሮች የጎረቤታቸውን ድርሻ እየተሻሙ ይቆማሉ እንጂ ሥራ አያፋጥኑም። ለሜትዎሮሎጂ ወይም ለውኃ ሀብት ጥናት ማሽን የሚያስገዛ ክፍል ውዱን ባለ 64 ኮር ከሚወስድ ይልቅ ባለ 32 ኮሩን ወስዶ አራቱንም የራም ቻናል ቢሞላ ይሻለዋል፤ ገንዘብ ካለው ደግሞ ስምንት ቻናል ወዳለው ይሂድ። ትልቅ የሶፍትዌር ኮድ ኮምፓይል የሚያደርጉ ፕሮግራመሮች በመካከል ናቸው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች በአንድ ጊዜ ሲተረጎሙ ኮሮቹ ሁሉ ይሠራሉ፣ በመጨረሻ ሁሉንም ወደ አንድ ፕሮግራም ማያያዝ ሲመጣ ግን አብዛኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ።

ሦስተኛው መመዘኛ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ነው፤ ግራፊክስ ካርድ፣ ፈጣን ኤስኤስዲና የኔትወርክ ካርድ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኙባቸው መስመሮች ናቸው። 7950ኤክስ ለተጠቃሚው የሚተርፉ 24 መስመሮች አሉት፤ አንድ ግራፊክስ ካርድ 16ቱን፣ ሁለት ኤስኤስዲዎች አራት አራት ሲወስዱ ያልቃሉ፣ ሁለተኛ ግራፊክስ ካርድ ከተጨመረም ሁለቱ ካርዶች ስምንት ስምንት ተካፍለው ይሠራሉ። ትሬድሪፐር 7000 የአምስተኛው ትውልድ የሆኑ 48 መስመሮችን ሲሰጥ ፕሮው 128 ይሰጣል። በቤቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችን በሦስት ወይም በአራት ግራፊክስ ካርድ የሚያሠለጥን ሰው ስሌቱን የሚሠሩለት ካርዶቹ ስለሆኑ ከፕሮሰሰሩ የሚፈልገው መንገድ ነው፣ ኮር አይደለም። ኤኤምዲም ይህን ያውቃል፤ በፕሮ ቤተሰብ ውስጥ 7945ደብልዩኤክስ የተባለ 12 ኮር ብቻ ያለው፣ ነገር ግን 128 መስመርና ስምንት የራም ቻናል የያዘ ፕሮሰሰር ማውጣቱ ከማንኛውም ክርክር በላይ ማስረጃ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቺፕሌቶቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ከራም መቆጣጠሪያው ጋር የሚገናኙበት ድልድይ የራሱ ገደብ ስላለው፣ ስምንቱ ቻናሎች በሙሉ ስፋታቸው ለኮሮቹ አይደርሱም።

ራሙም ራሱ ይለያያል። ትሬድሪፐር 7000 የሚቀበለው ሬጂስተርድ የሚባለውን፣ በሰርቨር ላይ የሚሠራበትን የራም ዓይነት ብቻ ሲሆን፣ ከተለመደው ዲዲአር5 ጋር ጎን ለጎን ሲያዙ ከታች ያለችው ትንሽ ጎድጓዳ በሌላ ቦታ ላይ ስለተቀረጸች በስህተት እንኳ ወደ ሶኬቱ አይገባም፤ ስለዚህ ከአሮጌው ዴስክቶፕ የሚተርፈው ራም ለአዲሱ ማሽን አይሆንም። በምትኩ የሚገኘው ጥቅም ስህተት ማረሚያው ነው፦ በራሙ ውስጥ አንዲት ቢት ከዜሮ ወደ አንድ ብትገለበጥ ማሽኑ ያውቃታል፣ ያርማታልም። ለሦስት ሳምንት ሳያቋርጥ የጂኖም መረጃ ለሚያሰላ ላቦራቶሪ ይህ የቅንጦት ነገር አይደለም። በራይዘን በኩል ደግሞ ሰዎች ሳያውቁ የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ፤ ብዙ ራም ለማግኘት አራቱም ቀዳዳዎች ሲሞሉ የ7950ኤክስ ዋስትና ያለው ፍጥነት ከ5200 ወደ 3600 ይወርዳል፣ ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ራም መግዛት ከአራት ትንንሾች ይመረጣል።

በኢትዮጵያ፣ በተለይም በደጋው፣ ማሽኑን ለሚያቆም ሰው የሙቀትና የኤሌክትሪክ ነገር ከሌላው ዓለም ይበልጥ ይከብዳል። የ7950ኤክስ የሙቀት ደረጃ 170 ዋት ሲሆን የትሬድሪፐር 7000 ቤተሰብ 350 ዋት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ፋኑ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም በእያንዳንዱ ዙር የሚያሳልፈው አየር ስለሚቀል ይዞት የሚሄደው ሙቀት በዚያው መጠን ያንሳል። ባሕር ጠለል ላይ ለ350 ዋት በጭንቅ የሚበቃ ኩለር አዲስ አበባ ላይ ፕሮሰሰሩን ፍጥነቱን እንዲቀንስ ያስገድደዋል፤ ስለዚህ ከሚመከረው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ኩለርና አየር በነፃነት የሚያልፍበት ሰፊ ኬዝ መምረጥ ግዴታ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ የሚታደገው ዩፒኤስም እንዲሁ መለወጥ አለበት፤ በየቢሮው ጠረጴዛ ሥር የሚታየው ባለ 650 ቮልት አምፔር ዩፒኤስ የሚሸከመው እውነተኛ ጭነት ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ስለሆነ፣ ትሬድሪፐሩ ከአንድ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ጋር በሙሉ ኃይል ሲሠራ መብራት ቢጠፋ ፋይሉን ለማስቀመጥ እንኳ ፋታ ሳይሰጥ ይዘጋል።

የቪዲዮ ባለሙያዎች ጉዳይ በአጭሩ የሚታለፍ ነው፤ ትሬድሪፐር 7000 በውስጡ የግራፊክስ ክፍል ስለሌለው የካሜራ ፋይሎችን የመፍታት ሥራ በተጨማሪ ካርድ ወይም በኮሮቹ በራሳቸው ላይ ይወድቃል፣ አብዛኞቹ መደበኛ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ግን ለዚሁ የተሠራ ክፍል በውስጣቸው ስላላቸው ለሠርግና ለዘጋቢ ፊልም ኤዲተር በትንሽ ዋጋ የተሻለ አገልግሎት ይሰጣሉ።

ከመግዛት በፊት ግን በእጅ ያለው ማሽን ራሱ መልስ ሊሰጥ ይችላል። የዘወትሩን ሥራ አንድ ጊዜ እንዳለ አሠርቶ ሰዓቱን መመዝገብ፣ ቀጥሎ በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ለፕሮግራሙ የተፈቀዱትን ኮሮች በግማሽ ቀንሶ ያንኑ ሥራ መድገም፣ በመጨረሻም ኮሮቹን መልሶ ከሁለቱ የራም ቁራጮች አንዱን በማውጣት፣ የቀረው ራም ለሥራው መጠን የሚበቃ ከሆነ፣ ለሦስተኛ ጊዜ መለካት ነው። ኮሩ በግማሽ ሲቀንስ ሰዓቱ ወደ እጥፍ ከተጠጋ ሥራው ኮር ይፈልጋል፤ ሰዓቱ ሳይለወጥ ከቀረ 64 ኮርም ቢገዛ አይለወጥም። ራሙ ሲወጣ ሰዓቱ በብዙ ከረዘመ ደግሞ የሚፈለገው ቻናል ነው፣ እርሱም ከመደበኛው ማዘርቦርድ ላይ በምንም ዋጋ አይገኝም።