የማን ልጅ ነው?

በወሊድ ጊዜ በተለዋወጡ ልጆች ላይ የሚጻፉ ልብ ወለዶች አንባቢን የሚስቡት በምስጢሩ ይመስላል። ምስጢሩ ግን ሲወጣ ታሪኩ አያልቅም። እኔ እንደሚታየኝ፣ እነዚህ መጻሕፍት እናትነትን ከደም ይልቅ በየዕለቱ ጉድ ጉድ ነው የሚለኩት። የማርክ ትዌይን «ፑድንሄድ ዊልሰን» (እ.ኤ.አ. 1894) አንድ የቆየ ምሳሌ ነው። በባርነት የምትኖረው ሮክሲ ልጇ እንዳይሸጥባት ፈርታ ከጌታዋ ልጅ ጋር ትለዋውጠዋለች። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ በጣት አሻራ እውነቱ ሲወጣ፣ ባሪያ ሆኖ ያደገው ወራሽ ማንበብ እንኳ አይችልም፤ ሳሎን ይጨንቀዋል፣ የሚቀለው ማድ ቤት ነው። ደሙ ርስቱን መለሰለት እንጂ አስተዳደጉን አልፋቀለትም።

ዣክሊን ሚቻርድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው «ዘ ዲፕ ኤንድ ኦፍ ዘ ኦሽን» ልጁ የተሰረቀ እንጂ የተለዋወጠ አይደለም፤ ቁስሉ ግን ያው ነው። በ3 ዓመቱ ከሆቴል የጠፋው ልጅ ከ9 ዓመት በኋላ «ሣር ልጨድላችሁ» ብሎ የእናቱን በር ያንኳኳል። «የአጋጣሚ ብዛት፣ እንባ ማስፈሰሻ!» የሚሉ አይጠፉም። አጋጣሚው እውነትም በዝቷል (ልጁ እዚያው ሰፈር ነበር የሚኖረው!)፤ ሥራው ግን በሩን ማስከፈት ብቻ ነው። ደምን ያቃልላል የሚለው ወቀሳ ደግሞ አያስኬድም፤ እናቲቱ ገና ስታየው አውቃዋለች። ችግሩ የልጁ ነው፤ መሰረቁን ሳያውቅ ያሳደገውን አባት ይናፍቃል። የወለዱት «ቤን» ብለው ይጠሩታል፤ እሱ ግን ራሱን የሚያውቀው «ሳም» ብሎ ነው።