ጽጌ ገዳም በገነት፤ ስለ ብርቱካናማው የዱር አበባ አዘራርና አያያዝ

በግዕዝ ቋንቋ «ገዳም» ማለት በመጀመሪያ የመነኮሳት መኖሪያ ማለት አይደለም፤ ያልታረሰ፥ ያልታጠረ፥ የሰው እጅ ያልገባበት ዱርና በረሃ ማለት ነው እንጂ። ስለዚህ የዱር አውሬዎች «አራዊተ ገዳም»፥ የዱር አበባም «ጽጌ ገዳም» ይባላሉ። መነኮሳት ዓለምን ትተው ወደ ዱር ስለ ገቡ የቦታው ስም ለማኅበራቸው መጠሪያ ሆነ። «ገነት» ግን የተተከለና የተከለለ፥ ውሃም የሚጠጣ የአትክልት ቦታ ነው። እንግዲህ የዱር አበባን በቤቱ አጥር ግቢ ማብቀል የሚወድ ሰው ጽጌ ገዳምን ወደ ገነት ማምጣቱ ነውና፥ ሁለቱ ስሞች የሚጣሉ ይመስላሉ። እንዴት ይስማማሉ ቢሉ፥ አበባው የገዳሙን ሥርዓት እንደ ያዘ ወደ ገነት ሲገባ ነው። ይህንንም በኢየሩሳሌም ዙሪያ በሚታወቅ በአንድ አበባ እናስረዳለን።

አበባው «ካሌንዱላ» ይባላል፤ ስሙም ሮማውያን የወርን መባቻ ከሚጠሩበት ቃል የወጣ ነው። ወገኑ ብዙ ሲሆን ለነገራችን የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው። አንደኛው የሜዳው ካሌንዱላ ነው፤ ቁመቱ ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፥ መልኩ ከቢጫ እስከ ብርቱካን ይደርሳል፤ በዘይት ዛፎች መካከል፥ በእርከን ሥርና በመንገድ ዳር ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። ሁለተኛው የአትክልት ቦታው ካሌንዱላ ነው፤ ቁመቱ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፥ አበባው ሰፊ፥ መልኩም እንደ በሰለ ብርቱካን የደመቀ ነው። ሰዎች ከጥንት ጀምረው ምግብ ለማቅለምና ለቆዳ የሚሆን ቅባት ለማዘጋጀት ይጠቀሙበታል። ሁለቱም ፀሐይ ሲወጣ ይከፈታሉ፤ ሲመሽ ይዘጋሉ።

ዕብራውያን የሜዳውን ወገን «ጺፖርኔ ሐቱል» ይሉታል፤ ትርጓሜውም የድመት ጥፍሮች ማለት ነው። «ጺፖረን» ከግዕዙ «ጽፍር»፥ ከአማርኛውም «ጥፍር» ጋራ አንድ ሥር ያለው ቃል ነው። እንዲህ የተባለውም ዘሩ እንደ ጥፍር የተቆለመመ ስለ ሆነ ነው። በአንዲቱ አበባ ራስ ላይ ግን ዘሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በውጭ ያለው ረጅምና እሾሃም ነውና ከእንስሳት ጠጉር ጋራ ተጣብቆ ይሄዳል፤ ሁለተኛው እንደ ታንኳ የተጐደጐደ ቀላል ነውና ነፋስ ይወስደዋል፤ በውስጥ ያለው እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ነውና ከእናቱ አጠገብ ይወድቃል። ስለዚህ አንዱ ስፍራ ቢበላሽ በሌላው ይተርፋል፤ ድርቅም መንገድም ዘሩን ፈጽሞ አያጠፉትም።

የመዝሪያው ጊዜ ለእኛ በቀላሉ የሚታወስ ነው። ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን 40 ቀን ነው። በኢትዮጵያ በዚህ ወራት ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ ታሸበርቃለች፤ በኢየሩሳሌም ግን ምድር ከረጅም በጋ በኋላ ደርቃ የመጀመሪያውን ዝናም ትጠባበቃለች። ስለዚህ በአገር ቤት የአበባ ወራት የሆነው በዚህ የዘር ወራት ነው። በእነዚህ 40 ቀናት የተዘራ ካሌንዱላ በክረምቱ ዝናም ያድጋል፤ ከጥር ጀምሮም አብቦ እስከ ሚያዝያ ይቈያል። ቀላል ውርጭ አይገድለውም።

አዘራሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ በሚገባ የሚያገኘውን፥ ውሃም የማይተኛበትን ቦታ መምረጥ ይገባል፤ የኢየሩሳሌም ተራሮች ቀይ አፈር ይበቃዋል። መሬቱን ኰትኵቶ አረሙንና ሣሩን ማንሣት፥ ዘሩን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ማልበስ ነው፤ ብርሃን ካልተከለለበት በደንብ አይበቅልምና። ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል። ሲበረታ በመካከላቸው 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር እየተዉ ማሳሳት ያስፈልጋል። በሰፊ ሜዳ የሚዘራም ሰው ሣር በሸፈነው ላይ ቢበትነው አይጠቅመውም፤ አስቀድሞ መሬቱን በየስፍራው ይግለጥ። ግቢ የሌለው በሸክላ ዕቃ ሊዘራው ይችላል፤ የዕቃው ሥር ግን ውሃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይኑረው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። አበባውን የሚወድ ሰው ፍግ ያበዛለታል፤ ውሃም ዕለት ዕለት ያጠጣዋል። ፍግ የበዛለት ቅጠሉ ይወፍራል እንጂ አበባው ያንሳል፤ ውሃ የበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ተጨናንቆ የበቀለም ዱቄት የሚመስል ነጭ ሻጋታ ይይዘዋል። ዝናም በሚዘንብበት ወራት ውሃ አያሻውም፤ ዝናም ሲዘገይ ብቻ አፈሩ ሲደርቅ ማጠጣት ይበቃል። የጠወለገውን አበባ መቍረጥ ሌላ አበባ እንዲያወጣ ያደርገዋል፤ መጋቢት ካለፈ በኋላ ግን ጥቂቶቹን ሳይቈርጡ መተው ይገባል። ራሳቸው ደርቆ ቡናማ ሲሆን ዘሩን ለቅሞ በደረቅ ስፍራ ማኖር ነው፤ ያልተለቀመውም ወድቆ በሚመጣው ዓመት በራሱ ጊዜ ይበቅላል።

በመጨረሻ ማስጠንቀቅ የሚገባን ነገር አለ። የዱርን አበባ ከነሥሩ ነቅሎ ወደ ቤት መውሰድ ገነትን አያለማም፤ ገዳምን ግን ያራቍታል። የተነቀለው አብዛኛውን ጊዜ ይጠወልጋል፤ በሜዳም ዘር ሳያፈራ ይቀራል። በእስራኤል አገር ቀዩን «ካላኒት» የተባለውን አበባ ሰዎች በእቅፍ እየቀጠፉ ይወስዱት ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርኮችንና የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎችን የሚመለከት ሕግ ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ ካላኒትና ሌሎች ብዙ አበቦች እንዳይቀጠፉ ተጠበቁ። ሕጉ በስም ያልጠራውን አበባም ቢሆን አስተዋይ ሰው ሊራራለት ይገባል። ካሌንዱላን የሚወድ ሰው ከባልንጀራው አትክልት ቦታ አንድ እፍኝ ዘር ይለምን፤ ለሚመጣው ዓመት ደግሞ እርሱ ለሌላው ይስጥ። እንዲህ ከሆነ ገዳሙም አበባውን አያጣም፤ ገነቱም ያጌጣል።