ያልጠጣ ሰው ጉበት

በዓለም ላይ ካሉ ሦስት አዋቂዎች የአንዱ ጉበት፣ በግምት፣ ከልክ ያለፈ ስብ ይዟል። አብዛኛው ሰው ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀውም በአጋጣሚ ነው። ለጨጓራ ወይም ለሐሞት ጠጠር ብሎ አልትራሳውንድ ይነሣል፤ ከውጤቱ ወረቀት ግርጌ «ፋቲ ሊቨር» የሚል ይገኛል። ሐኪሙ ወረፋ ከበዛበት «ቅባት ቀንስ» ብሎ ያሰናብተዋል፣ ሰውየውም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል።

ምክሩ ክፉ ባይሆንም ግማሽ ነው። ጉበት ላይ የሚከማቸው ስብ በቀጥታ ከክትፎው ቅቤ የመጣ የሚመስለው ብዙ ነው። ዋናው ችግር ግን ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዝ ሲያቆም የሚጀምር ነው። ያን ጊዜ በሆድ ዙሪያ ያለው ስብ እየሟሟ ወደ ጉበት ይጎርፋል፤ ጉበትም በበኩሉ የተረፈውን ስኳር ወደ ስብ ይለውጣል። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር ዓይነት በአብዛኛው የሚሰባበረው እዚያው ጉበት ውስጥ ስለሆነ ጉዳቱ የባሰ ነው። ከጉበት ሴሎች ከመቶ 5 በላይ የሚሆኑት ስብ ከቋጠሩ በሽታው አለ ይባላል። ቀጭን ሰውም ሊይዘው ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዞ ረጅምና ዝምተኛ ነው። ብዙው ሰው ስቡን እንደያዘ ይቆያል። የተወሰነው ግን ጉበቱ መቆጣት ይጀምራል፤ የቆሰለው ቦታ ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳው በዓመታት ውስጥ ተያይዞ ጉበቱን ያደድረዋል። ሆድ ውኃ ሲቋጥር፣ ደም ሲያስታውክ ወይም ካንሰር ሲገኝ ነው ብዙዎች ሆስፒታል የሚደርሱት። ጉበት ከውስጥ ሕመም የሚሰማው አካል ስላልሆነ «አሞኝ አያውቅም» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ደግሞም እነዚህን ሕመምተኞች ከሁሉ በላይ የሚገድላቸው ጉበቱ ሳይሆን የልብና የደም ሥር በሽታ ነው።

ሕክምናው ራሱ ነገሩን የተረዳው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የማዮ ክሊኒክ ሐኪም ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቹ ስለ 20 ሕመምተኞች ጻፉ፤ ጉበታቸው የጠጪ ጉበት ይመስላል፣ እነሱ ግን ጠጪ አልነበሩም። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሕመምተኛ «አልጠጣም» ሲል ሐኪሙ በጥርጣሬ ያየው ነበር። ጥርጣሬው እስከ ዛሬ አልጠፋም። በ2023 ዓለም አቀፍ የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት የበሽታውን ስያሜ የለወጡትም በከፊል ለዚህ ነው፤ «አልኮል» እና «ስብ» የሚሉት ቃላት ሰውን ያሸማቅቃሉ ብለው ወደ ሜታቦሊዝም መዛባት አዞሩት። ከ2018 ጀምሮም በየዓመቱ በሰኔ ወር የሚታሰብ የግንዛቤ ቀን አለ፤ አሁን ዓለም አቀፍ የፋቲ ሊቨር ቀን ይባላል።

እኛ አገር ስለ ጉበት ሲወራ የሚነሣው የወፍ በሽታ ነው፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው። ሌላው ጠጪው ነው። ሄፓታይተስ ቢ የተስፋፋ በመሆኑ ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ከተማው ተቀይሯል፤ ሥራው መቀመጥ፣ መንገዱ ታክሲ፣ ምሳው ላይ ለስላሳ፣ ድስቱ ውስጥ የፓልም ዘይት። ቦርጭ ያወጣ ሰው አሁንም «ደላው» ይባላል። ጾም ይጠብቀኛል የሚለውም ራሱን ያታልላል፤ በዘይት የተጠበሰ ብስኩትና ስኳር የበዛበት ሻይ የጾም ነው፣ ለጉበት ግን ፍስክ ነው።

ከዚህ የራቀ ምሳሌ ደግሞ አለን። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ ተወስደው እስራኤል የገቡት ወገኖቻችን ዘንድ ስኳር በሽታ እምብዛም አይታይም ነበር። በአዲሱ አገር ጥቂት ዓመታት ከኖሩ በኋላ ግን ቁጥሩ አሻቀበ። ስኳርና ፋቲ ሊቨር አብረው የሚሄዱ ናቸው፤ አንዱ በታየበት ሌላውን አለመፈለግ ስንፍና ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የግንዛቤ ሥራው መጀመር ያለበት ከስኳር ክትትል ክፍል ነው፤ ከሬዲዮ ማስታወቂያው በፊት። እዚያ የሚመጣው ሰው አስቀድሞ ተጋላጭ ነው፤ ደሙም ይመረመራል። ዕድሜን፣ ሁለት የጉበት ኢንዛይሞችንና የፕላትሌት ቁጥርን ይዞ በቀላል ስሌት የጠባሳን ስጋት የሚገምት ፊብ-4 የሚባል መለኪያ አለ። ውጤቱ ከ1.3 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው፤ ከ2.67 በላይ ከሆነ ወደ ስፔሻሊስት መላክ ያስፈልጋል። (አረጋውያን ላይ የታችኛው ገደብ ከፍ ይላል።) ኢንዛይሙ ብቻውን «ኖርማል ነው» መባሉ ግን አያስተማምንም፤ ጠባሳ እያለም ኖርማል ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው ላይ ተስፋ አለ። በአሜሪካ በ2024 ረስመቲሮም፣ በ2025 ደግሞ ሴማግሉታይድ ጉበታቸው ለተቆጣና ጠባሳ ለጀመራቸው ሰዎች ተፈቅደዋል፤ ዋጋቸው ግን ለብዙው ሰው አይቀመስም። ክብደት መቀነስ ግን የታወቀ ውጤት አለው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ሲቀንስ የጉበቱ ስብ ይቀንሳል፤ 8 ኪሎ ከቀነሰ ቁጣው ሊበርድ፣ ጠባሳውም ሊሳሳ ይችላል። አልኮል የሚጠጣም ቢያቆም ይሻለዋል፤ አልኮሉና የጉበቱ ስብ ሲደመሩ ጉዳቱ ይፈጥናል።

«ጉበት ያጥባል» ተብሎ በጠርሙስ ከሚሸጠው መራቅ ነው። ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ሥርና ቅጠል ራሱ ጉበትን እንደሚጎዳ ሐኪሞች ያውቁታል። ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበት ግን ጠባሳው ያነሰ ሆኖ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። መድኃኒት ነው ለማለት አይቻልም፤ ስኳሩን ለቀነሰ ሰው ግን ሦስተኛውን ስኒ የሚከለክል ምክንያት አላየሁም።