መኪና በእግረኛ እርምጃ የሚሄድበት የሠፈር መንገድ

በሆላንድ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ብቻ ከ3000 የሚበልጡ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከነዚሁም ከ400 በላይ የሆኑት ሕፃናት ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት ወላጆች አደባባይ ወጥተው አቤት ማለታቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

የዴልፍት ከተማ ግን ቀደም ብላ፥ በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድ ዘዴ ጀምራ ነበር። ይኸውም እግረኛውንና መኪናውን የሚለየው የድንጋይ ጠርዝ ተነሥቶ ወለሉ አንድ ወጥ ሆነ፤ ዛፍና የአበባ መደብም መኪናው እየተጠማዘዘ እንዲያልፍ ታስቦ ተተከለ። በ1976 ዓ.ም. ነገሩ በሕግ ጸደቀ፤ በእንደዚህ ያለው መንገድ መኪና ከእግረኛ እርምጃ አይፈጥንም፤ ልጆችም ሊጫወቱበት ተፈቀደላቸው።

ነጋዴውን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የመኪና ማቆሚያው ነው። ሕጉ ማቆምን አልከለከለም፤ ምልክት በተደረገበት ስፍራ ብቻ ይሁን አለ እንጂ። ማቆሚያው አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ሲፈራረቅም፥ የቆመው መኪና ራሱ የሚያልፈውን ያዘገየዋል። ባለሱቁ ከደጃፉ ሁለት ስፍራ ቢቀነስበት ገዢ የተቀነሰበት ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ጧት የቆመ መኪና እስከ ማታ ካልተነሣ፥ ያ ስፍራ የሚያስተናግደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያም ሰው አንዳንድ ጊዜ ባለሱቁ ራሱ ነው!

ወለሉን ሁሉ መለወጥ ወጪው ከባድ ስለ ሆነ፥ ሆላንዶች በ1980ዎቹ በብዙ ሠፈሮች ፍጥነቱን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ወደ መወሰኑ አዘነበሉ።

በአዲስ አበባም እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሰፋ ያለ የእግረኛና የብስክሌት መተላለፊያ፥ አረንጓዴ ስፍራም አስገኝቷል። ሥራው ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች በሚደርስበት ጊዜ ነጋዴው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ የጭነት መኪና ዕቃ የሚያራግፍበት ስፍራና ሰዓት በፕላኑ ላይ መመልከቱን ነው።