ጨጓራውን ወደ ውጭ አውጥቶ የሚበላው እንስሳ

የባሕር ኮከብ እያደነ ላየው ሰው የተኛ ይመስላል። መስል በሚባለው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ላይ አምስት ክንዶቹን ጠቅልሎ ለሰዓታት አይነቃነቅም። እሱ ግን እየጎተተ ነው። ከክንዶቹ ሥር የተደረደሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ለስላሳ እግሮች ክዳኖቹን ይዘው ይስባሉ። የመስሉ ጡንቻ ጥቂት ሲላላ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት ይበቃዋል፤ ጨጓራውን በአፉ በኩል ገልብጦ ወደ ውስጥ ይሰድና መስሉን እዚያው በገዛ ቤቱ ያሟሟዋል። በልቶ ሲጨርስ ጨጓራውን ሰብስቦ ይሄዳል።

እግሮቹን የሚዘረጋቸው ውሃ ነው። ሰውነቱ ውስጥ በተዘረጋው የቦይ መረብ የሚመላለሰው ፈሳሽ ሲገፋቸው ይረዝማሉ፤ ጡንቻ ሲስባቸው ያጥራሉ። ዓለት ላይ የሚጣበቁት በመምጠጥ ብቻ ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን ይታመን ነበር፤ ዋናው ነገር ግን ከእግሮቹ ጫፍ የሚመነጨው ሙጫ ነው። ለመላቀቅም ሌላ ፈሳሽ ያመነጫሉ። ይህን ሁሉ የሚያስተባብር አንጎል የለውም። በአፉ ዙሪያ ያለው የነርቭ ቀለበትና በየክንዱ የሚወርደው የነርቭ ገመድ ይበቁታል፤ በየክንዱ ጫፍም ደብዛዛ ምስል የምታይ ትንሽ ዓይን አለችው።

ከ1,900 ገደማ ዝርያዎቹ አንዱም ከጨው ውሃ ውጭ አይኖርም። የሰውነቱን ጨው መቆጣጠር ስለማይችል ቀይ ባሕር ውስጥ ሞልቶ ጣና ላይ አይገኝም። የተቆረጠ ክንድ መልሶ ያበቅላል፤ በጥቂት ዝርያዎች ደግሞ አንዱ ክንድ ብቻውን ሙሉ እንስሳ ይሆናል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ዝግተኛ ፍጡር በጎረቤቶቹ ሕይወት ላይ ያለው ሥልጣን ነው። አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ሮበርት ፔይን በ1963 በዋሽንግተን ግዛት የፓሲፊክ ዳርቻ ላይ፣ ማካው ቤይ በተባለ ስፍራ፣ ፒዛስተር የተባለውን የባሕር ኮከብ ከአንድ የዓለት ክፍል እየነቀለ ወደ ባሕር ይወረውር ጀመር። አጎራባቹን ክፍል አልነካውም። የሚበላቸው ያጡት መስሎች ተስፋፍተው ዓለቱን ወረሩት፤ ሌሎቹ የዓለቱ ነዋሪዎች ቦታ አጡ። በ1966 ባሳተመው ጥናት፣ ከ15 ዝርያዎች የቀሩት 8 ብቻ እንደነበሩ ጻፈ። በቁጥሩ ሳይሆን በሥራው አካባቢውን የሚያቆም እንስሳ በሥነ ምህዳር «ቁልፍ ዝርያ» መባል የጀመረው ከዚህ ሥራ ነው። አዳኝን ማጥፋት ለታዳኞቹ ሁሉ ይበጃል የሚለውን ሐሳብ እንዲህ በግልጽ ያፈረሰ ማስረጃ ጥቂት ነው።

በሽታም ፔይን በእጁ ያደረገውን በሰፊው ደገመው። ከ2013 ጀምሮ ከአላስካ እስከ ሜክሲኮ የባሕር ኮከቦች ሰውነት እየቆሰለ፣ ክንዳቸው እየወደቀ በቀናት ውስጥ ይፈርስ ጀመር። ክፉኛ የተመታው እስከ 24 ክንድ የሚያወጣውና ስፋቱ አንድ ሜትር የሚደርሰው የሱፍ አበባ የባሕር ኮከብ ነው። የባሕር ጃርትን የሚበላው እሱ ስለነበር ጃርቶቹ በዙ። የባሕሩ ሙቀትም በዚያው ወቅት ጨምሮ ስለነበር፣ በሰሜን ካሊፎርኒያ ጃርቶቹ ከሚበሉት፣ ኬልፕ ከሚባለው የባሕር ውስጥ ደን ከ90 በመቶ በላይ ጠፋ። ተመራማሪዎች ገዳዩ ቪብሪዮ ፔክተኒሲዳ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን በ2025 አስታውቀዋል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የፍራይደይ ሃርበር ቤተ ሙከራ ደግሞ የሱፍ አበባው ዝርያ ከእጭ ጀምሮ በገንዳ እየተራባ ነው፤ ዓላማው ወደ ባሕሩ መልሶ ጃርቶቹን እንዲበላ ማድረግ ነው።