«ፍራንክሊ» እና ፈረንጅ

«ፍራንክሊ» ለተባለው የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ መዝገበ ቃላት የሚሰጠው አቻ «በግልጽ» ነው። ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፤ የሚያስቸግረው ቃሉ ከዓረፍተ ነገሩ ፊት ሲቀመጥ ነው። ሐረር፣ ሸዋ በር ገበያ ላይ ዕጣን የሚገዛ እንግዳ «ፍራንክሊ፣ ውድ ነው» ቢልና አስተርጓሚው «በግልጽ ውድ ነው» ብሎ ቢያቀብል፣ ነጋዴዋ የምትሰማው «ውድነቱ ያፈጠጠ ነው» የሚል ወቀሳ ነው። ቃሉ ግን የሚመለከተው ተናጋሪውን እንጂ ዋጋውን አይደለም። «እውነቱን ልንገርዎ እናቴ፣ ተወደደብኝ» ከተባለ ድርድሩ ይቀጥላል።

የቃሉ ሥር የነገድ ስም ነው። ከጀርመን ነገዶች አንዱ የሆኑት ፍራንኮች በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዛሬዋን ፈረንሳይ መያዝ ጀመሩ፤ አገሪቱም ስሟን ያገኘችው ከእነሱ ነው። በገዙት ምድር ሙሉ ነጻነት የፍራንክ ወገን ስለነበር፣ ስሙ ውሎ አድሮ «ነጻ ሰው» ወደ ማለት ዞረ። ጌታ የሌለበት ሰው ደግሞ ቃሉን አይውጥም። እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ የወረሰውን ይህን ቃል ለአነጋገር ያዋለው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ነጋዴዋ የምትሸጠው ዕጣን እንኳ በእንግሊዝኛ «ፍራንኪንሰንስ» ይባላል፤ እዚህ ላይ «ፍራንክ» «ምርጥ» ማለት ነው።

ያው ስም በሌላ መንገድ ሐረርም ደርሷል። ዓረቦች የምዕራብ አውሮፓን ሰው በጅምላ «ኢፍራንጅ» ይሉት ነበር፤ አማርኛ «ፈረንጅ» አለው። ሐረሪዎች «አስማዲን በሪ» በሚሉት በሸዋ በር ልጆች እንግዳውን «ፈረንጆ!» ብለው ሲጠሩትና እሱ «ፍራንክሊ» ሲል፣ ሳይተዋወቁ አንድ ቃል ይለዋወጣሉ።

«ግልጽ» ዘሩ ሌላ ነው። ሥሩ መግለጥ፣ ክዳን ማንሳት ነው፤ መሶብ ይገለጣል፣ መጽሐፍ ይገለጣል፣ ነገርም እንዲሁ። እንግሊዝኛው የተናጋሪውን ማዕረግ ይዞ ተነሣ፣ አማርኛው የነገሩን መሸፈን አለመሸፈን። ስለዚህ ሥሩን አክብሮ «በነጻነት ተናገረ» ብሎ መተርጎም ለሥርወ ቃል ተመራማሪ ደስ ቢልም ለአንባቢ አይሆንም፤ አማርኛ አንባቢ ከዚያ ሐረግ የሚረዳው ተናጋሪውን ያስገደደው ወይም ያስፈራራው እንዳልነበረ ነው፣ እውነቱን ይናገር አይናገር ሳይታወቅ።