ሞሐመድ አሚን፣ የኮረምን ንጋት የቀረጸው ሰው

ለ1977ቱ ረሃብ ዕድሜው ያልደረሰ ሰው እንኳ ምስሉን ያውቀዋል። ኮረም ሜዳ ላይ ጎሕ ሲቀድ ጉምና ጭስ ተቀላቅሎ፣ ነጠላና ቡልኮ የተከናነቡ ሰዎች በብርድ ተኮራምተው ይታያሉ። ካሜራው አይቸኩልም። ከፊት ያሉትን ቀስ ብሎ አልፎ ወደ ኋላ ሲዘልቅ ሰዉ ማለቂያ ያጣል። ይህን ምስል ማን እንደቀረጸው ግን እዚህ ይጁቤም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ አዲስ አበባም ቢሆን፣ መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። ሰውየው ሞሐመድ አሚን ይባላል። ኬንያዊ ነው። ግራ እጁን ያጣው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሕይወቱ ያለፈው ደግሞ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ ነው። ከአገራችን ጋር በሙያው፣ በአካሉና በሞቱ ይህን ያህል የተሳሰረ ሌላ የውጭ ጋዜጠኛ አላውቅም።

ሞሐመድ የተወለደው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1943 ናይሮቢ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ዘሩ ከህንድ ክፍለ አህጉር ሲሆን አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ያደገው ግን በዛሬዋ ታንዛኒያ ነው። በተማሪነቱ እጁ የገባች ያገለገለች የቦክስ ካሜራ ልቡን ወሰደችው። እ.ኤ.አ. በ1963፣ ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ ዳሬሰላም ላይ «ካሜራፒክስ» የተባለ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። በተከታዩ ዓመት የዛንዚባር አብዮት ሲፈነዳ ቦታው ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ እዚያው ዛንዚባር ውስጥ ወደ አንድ ወር ገደማ ታስሮ ተሰቃየ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1969 የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ ናይሮቢ መንገድ ላይ በጥይት ሲመቱ ፈጥኖ ደርሶ እስከ አምቡላንሱ ውስጥ ድረስ ቀረጸ። ከዚያ ወዲያ በምሥራቅ አፍሪካ መፈንቅለ መንግሥት በተካሄደበትም፣ ጦርነት በተነሣበትም እሱን ማየት የተለመደ ሆነ።

የጦር ሜዳ ጋዜጠኛ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጥይት እያፏጨ እየሮጠ የሚቀርጽ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰዓት አለ፤ ግን ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል ቢሮ ለቢሮ መዞር ነው፦ የይለፍ ወረቀት መለመን፣ ኬላ ላይ መቆም፣ አውሮፕላን ላይ ባዶ ወንበር መፈለግ፣ ዛሬ «አይቻልም» ያለን ሹም ነገም ሄዶ መጠየቅ። ሞሐመድ በዚህ የሚስተካከለው አልነበረም። ከጠቅላይ ሚኒስትር እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ጫኝ ድረስ ሰው ያውቃል፤ ያወቀውንም ሰው አይረሳም። ጎበዝ ያሰኘውን ሥራ ሁሉ ስመለከት ከድፍረቱ ይልቅ ይህ ትዕግሥቱ ነው የሚያስደንቀኝ።

ሁለተኛው ነገር ሥራው የአንድ ሰው አለመሆኑ ነው። በዚያ ዘመን የዜና ካሜራ ከባድ ነበር፤ በትከሻ ይሸከሙታል። ድምፁን የሚቀዳው ሌላ ባለሙያ ነው፤ መቅረጫውን አንግቶ፣ ማይክራፎኑን ይዞ፣ በሽቦ ከካሜራው ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ሲዞር ሌላው መዞር አለበት፣ አንዱ ሲወድቅም ሌላውን ይዞት ሊወድቅ ይችላል። ከዚህ ሌላ ሞሐመድ ፎቶግራፍ ማንሻዎቹን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ፊልም ሲቀርጽ ቆይቶ ለጋዜጣና ለመጽሐፍ የሚሆን ፎቶ ያነሣል። ይሠራለት የነበረው «ቪዝኒውስ» መቀመጫው ለንደን የሆነ የምስል ዜና ወኪል ነው። ወኪሉ ምስሉን በዓለም ዙሪያ ላሉ ጣቢያዎች ያከፋፍላል። ስለዚህ አንድ ካሴት ከበረሃ ወጥቶ አውሮፕላን ላይ ከደረሰ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ስንት አገር እንደሚያየው መገመት አይቻልም።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ያንኑ ፊልም ደርግ ወስዶ፣ በመሐሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል እያስገባ፣ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ምሽት ለሕዝብ አቀረበው። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ደርግ እንግዲህ የረሃብ ምስል ምን ማድረግ እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ረሃቡ በባሰ ሁኔታ ሲመለስ ካሜራን የፈራው ስለዚህ ይመስለኛል።

መስከረም 1977 አዲስ አበባ በቀይ ባንዲራና በቅስት አጊጣ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ታከብር ነበር። በዚያው ሰዓት በወሎና በትግራይ ሰው በየመንገዱ ይወድቃል። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ኃላፊ የነበሩት ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከወራት በፊት ለለጋሽ አገሮች ጥሪ አቅርበው ነበር፤ የሰማቸው ጥቂት ነው። ችግሩ ድርቅ ብቻም አልነበረም። ጦርነቱ መንገዱን ዘግቷል፣ ገበያውን በትኗል፣ ገበሬውን ከእርሻው አፈናቅሏል። ኮረምና መቀሌ ዙሪያ የሚታረሰው መሬት ብቻ ሳይሆን የሚያልፉበት መንገድ ሁሉ የጦር ቀጠና ነበር። ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዲያልፍ አይፈቀድም።

ሞሐመድ ፈቃዱን ያገኘው ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው። ጥቅምት ላይ የቢቢሲውን ዘጋቢ ማይክል በርክን ይዞ መቀሌና ኮረም ገባ። መቀሌ ላይ ለቀይ መስቀል የምትሠራ ክሌር በርትሺንገር የተባለች ወጣት እንግሊዛዊት ነርስ ነበረች። የነበራት ምግብ ለሁሉም ስለማይበቃ ከተሰለፉት ሕፃናት መካከል ሊተርፉ የሚችሉትን እየመረጠች ማስገባት፣ የቀሩትን መመለስ ግድ ሆኖባት ነበር። ካሜራው ይህን አየ። ኮረም ላይ ደግሞ ሞሐመድ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ሜዳው ላይ ቆመ። ሌሊቱን በብርድ ያለፉት በየፊናቸው ሲገነዙ ቀረጸ። ዘመዶቻቸው ሲያለቅሱም፣ ማልቀስ ሲያቅታቸውም ቀረጸ። ብዙ ጦርነት ያየው ሰው ከዚያ ሲመለስ እንደ ቀድሞው እንዳልነበረ አብረውት የሠሩት ይናገራሉ።

ምስሉ በቢቢሲ የተላለፈው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሳዩት፤ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው አየው። ያን ምሽት ቤቱ ተቀምጦ ካዩት አንዱ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ነው። በሳምንታት ውስጥ ጓደኞቹን ሰብስቦ የዕርዳታ ዘፈን አስቀረጸ፤ በዓመቱም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985 «ላይቭ ኤድ» የተባለው ኮንሰርት በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። መንግሥታትም ተነሡ፤ እህል የጫኑ አውሮፕላኖች ወደ ሰሜን በረሩ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዕርዳታ ሳይደርስላቸው አልቀዋል። ከደረሰው ዕርዳታ ግን አብዛኛው የመጣው ከዚያ ምስል በኋላ ነው። ለዚህ ነው ስለዚህ ሰው ስጽፍ ቃል የማልቆጥበው።

ቅሬታም አለ፣ መነገርም አለበት። ያ ምስል ኢትዮጵያን በዓለም ፊት ለብዙ ዘመን የረሃብ አገር ብቻ አድርጎ አስቀመጣት። በምስሉ ያሉት ሰዎች ስም የላቸውም፤ የማን ልጅ፣ የየትኛው ቀበሌ ሰው እንደሆኑ የጠየቀ የለም። ይህ ቅሬታ እውነት ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ግን ጥፋቱን ሁሉ ካሜራ በያዘው ሰው ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው። ሞሐመድ ኢትዮጵያን በረሃቧ ጊዜ ብቻ አይደለም የሚያውቃት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጽሔት «ሰላምታ» ይዘጋጅ የነበረው በእሱ ካሜራፒክስ ነው፤ ከባልደረባው ከደንከን ዊሌትስ ጋር ስለ አገራችን ያነሣቸው ፎቶዎችም በመጽሐፍ ታትመዋል። ያንን ገጽታችንን ዓለም አይቶት እንደሆነ ሞቅ አድርጎ አላወራበትም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ ዜጋ የሆነ ጋዜጠኛ ነገር ሲከፋ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይወጣል። የአገሩን ጦርነት የጻፈ ሰው የሚወጣበት የለውም። ደራሲው በዓሉ ግርማ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሄዶ ያየውን «ኦሮማይ» በተባለ ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሞሐመድ ኮረም የገባው ከዚያ ስምንት ወር በኋላ ነው። ሁለቱን የማነሣው ላወዳድራቸው አይደለም፤ ያ ዘመን እውነትን ለመናገር ምን ያህል ዋጋ ያስከፍል እንደነበር እንዲታይ ነው።

ሞሐመድም ቢሆን ተራው ደረሰ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ከተማዋ ውስጥ የነበረ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ሰው ሁሉ ከፍንዳታው ሲሸሽ ሞሐመድና የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ወደዚያው ሄዱ። እየቀረጹ ሳለ ሌላ ከባድ ፍንዳታ ተከተለ። ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። ሞሐመድ ግራ እጁን አጣ። ለካሜራማን እጅ ማጣት ሙያን ማጣት ነው ብለው ብዙዎች ነገሩ አበቃ አሉ። እሱ ግን ካሜራ ለመያዝ የሚያስችል ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ በወራት ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። ይህ ታሪክ በተነገረ ቁጥር የሚነሣው የሞሐመድ ጽናት ነው፤ የሚገባውም ነው። የጆን ማታይ ስም ግን አብሮ መነሣት አለበት። የሞተው እሱ ነው፤ የሞተውም በእኛ ከተማ፣ የእኛን ታሪክ ሲቀዳ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ሞሐመድ ከአዲስ አበባ ወደ ቤቱ ወደ ናይሮቢ ለመሄድ የኢትዮጵያ አየር መንገድን በረራ 961 ተሳፈረ። አብሮት የሥራ ባልደረባው ጸሐፊው ብራያን ቴትሊ ነበር። ሦስት ወጣቶች አውሮፕላኑን ጠልፈው ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ነዳጁ ለዚያ እንደማይበቃ ካፒቴን ልዑል አባተ ደጋግመው ቢያስረዷቸውም አላመኑም። ነዳጁ አልቆ ሞተሮቹ ሲጠፉ ካፒቴኑ አውሮፕላኑን ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፣ 50 ተረፉ። ከተረፉት እንደተሰማው ሞሐመድ እስከ መጨረሻው ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆሞ ከጠላፊዎቹ ጋር ይነጋገር ነበር። የ53 ዓመት ሰው ነበር። እሱም፣ ብራያን ቴትሊም አልተረፉም። ሥራውን ልጁ ሳሊም አሚን ተረከበ፤ እ.ኤ.አ. በ2006ም ስለ አባቱ ሕይወት «ሞ ኤንድ ሚ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም አወጣ።

ይህን የምጽፈው ይጁቤ ላይ ሆኜ፣ በዙሪያዬ ስልክ የሌለው ወጣት በማይታይበት ጊዜ ነው። ዛሬ በየኪሳችን ያለው መሣሪያ ሞሐመድና ጆን ለሁለት ይሸከሙት የነበረውን ሁሉ ይሠራል። ማንም ወጣት ለምስል ብሎ ወደ ጥይት እንዲሮጥ አልመክርም፤ እንዳትሞክሩት። ልትሠሩት የምትችሉት ሌላ ሥራ ግን አለ። በ1977 እና በ1978 ከወሎና ከሌላም አካባቢ በሰፈራ ወደ ጎጃም፣ ወደ ፓዌ የመጡ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። ኮረምን የሚያውቁት በቴሌቪዥን አይደለም። ከእነሱ አንዱን እናት ወይም አባት የምታውቁ ከሆነ፣ አስፈቅዳችሁ፣ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ቅዱላቸው። ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የተወለዱበትን ቀበሌ፣ ከማን ጋር እንደተለያዩ ጠይቁ። ካሴቱ ላይ ስም የሌላቸው ሰዎች ስም የሚገኘው አሁን እነሱ በሕይወት እያሉ ነው። የቀዳችሁትን ስልካችሁ ላይ ብቻ አትተዉት፤ በወረቀት ጻፉት፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግቡ፣ የራሳችሁንም ስም ከሥሩ አስፍሩ።